የመምህር ድምፅ ለምን ይዘጋል? ስልሳና ሰባ ልጅ ሳይጮኹ ስለማስተማር

መስከረም ላይ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረ የመምህር ድምፅ ኅዳር ላይ ይሻክራል፤ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲደርስ ጭራሽ ይዘጋል። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ በታችኞቹ ክፍሎች የሚያስተምሩ ብዙ መምህራን ይህን የሥራው ጠባይ አድርገው ተቀብለውታል። “ብርድ መቶኝ ነው”፣ “እንጥሌ ወርዶ ነው”፣ “ጠመኔው ነው” ይባላል። ዝንጅብል ይፈላል፣ ማታ በሻርፕ ተጠቅልሎ ይታደራል፣ በማግስቱ እንደገና ክፍል ተገብቶ ይጮኻል።

ብርዱም ጠመኔውም ድርሻ አላቸው። ትልቁ ድርሻ ግን ክፍሉ የሚመራበት መንገድ ነው። ድምፁን በመድኃኒት ብቻ ለማዳን የሚሞክር መምህር የማይድነውም ለዚህ ነው፤ የሚጎዳው ነገር በየቀኑ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እየተደጋገመ ነውና። ስለዚህ እዚህ ላይ የድምፅ ጤናና የክፍል አያያዝ ተነጣጥለው የሚታዩ ጉዳዮች አይደሉም።

ድምፅ ከየት ይወጣል?

አንገታችንን ከፊት ለፊት ስንዳስስ፣ ምራቅ ስንውጥ ከፍ ዝቅ የሚል ጠንካራ ነገር እናገኛለን። ማንቁርት ይባላል። በውስጡ ሁለት ለስላሳና እርጥብ እጥፋቶች አሉ፤ የድምፅ አውታሮች የሚባሉት እነርሱ ናቸው። ርዝመታቸው በሴት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም፤ በወንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስንተነፍስ ይከፈታሉ። ስንናገር ይገጥሙና ከሳንባ የሚወጣው አየር ያርገበግባቸዋል። ድምፅ ማለት ያ መርገብገብ ነው።

አንዲት ሴት በመደበኛ ድምፅ ስትናገር አውታሮቿ በሰከንድ 200 ጊዜ ገደማ ይጋጫሉ፤ የወንድ 120 ጊዜ ገደማ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ቢሆንና መምህርቷ ግማሹን ብትናገር 240 ሺህ ግጭት ይሆናል። በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ ያላት መምህርት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ግጭት ተሸክማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች ማለት ነው። በመምህራን ዘንድ የድምፅ ሕመም ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ላይ የሚበዛበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የአውታሮቹ ማጠርና የግጭቱ ብዛት ነው።

ይህ ሁሉ በመደበኛ ድምፅ ሲነገር ነው። ጩኸት ሲመጣ ግጭቱ በቁጥርም ይጨምራል፣ ኃይለኛም ይሆናል። መጀመሪያ አውታሮቹ ይቀላሉ፣ ያብጣሉ። ያበጠ አውታር በደንብ ስለማይገጥም በመሐሉ አየር ያመልጣል፤ የሻከረው ድምፅ ያ የሚያመልጠው አየር ነው። አንድ ሁለት ቀን ካረፈ እብጠቱ ይወርዳል። ሳያርፍ ወራት ከቀጠለ ግን፣ እርፍ የሚጨብጥ ገበሬ መዳፍ እንደሚጠጥረው ሁሉ፣ ሁለቱ አውታሮች አዘውትረው የሚጋጩበት ቦታ ይጠጥራል። ሐኪሞች ኖዱል የሚሉት ትንሽ ጉብታ ይህ ነው። ጉብታው ገና ለጋ ሳለ አነጋገርን በማስተካከል ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ሳይታከም የቆየ ግን በቀላሉ አይመለስም።

እንጥል ወርዶ ቢሆንስ?

እንጥል ከላንቃ ጫፍ የምትንጠለጠለዋ ትንሽ ሥጋ ናት። ድምፅ የሚፈጠረው ከእርሷ በታች፣ ማንቁርት ውስጥ ስለሆነ የድምፅ መዘጋት ከእንጥል ጋር አይገናኝም። ጉሮሮ ሲቆጣ እንጥልም አብራ ልታብጥና ልትረዝም ትችላለች፤ “ወረደች” የሚባለው ያን ጊዜ ነው። እብጠቱ ሲበርድ ትመለሳለች። እንጥል ማስቆረጥ ለድምፅ የሚጠቅመው አንዳችም ነገር የለም፤ ደም ሊያፈስስ፣ ሊያመረቅዝና በቆሸሸ ስለት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ይህን ለወላጆችም መንገር ከመምህር የሚጠበቅ ነው፤ ሕፃናት ላይ አሁንም የሚፈጸምበት አካባቢ አለ።

መምህር ሲጮኽ ልጆች ለምን አብረው ይጮኻሉ?

ሰው በጫጫታ መካከል ሲሆን ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይህን ጠባይ በ1911 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያሳወቀው ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ የአንገት በላይ ሐኪም ነው። በስልሳ አምስት ልጅ ክፍል ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ልጆቹ ያወራሉ፤ መምህሩ ከእነርሱ በላይ ለመሰማት ይጮኻል፤ ልጆቹ በመምህሩ ድምፅ መካከል ለመሰማማት እነርሱም ይጨምራሉ። ማንም ሆን ብሎ አላጠፋም፤ ክፍሉ ግን ከደቂቃ ወደ ደቂቃ እየጋለ ይሄዳል።

የድምፅ ኃይል በሚለካበት በዴሲቤል ሲታይ ደግሞ እንዲህ ነው። ትንንሽ ልጆች ትምህርት በደንብ እንዲሰሙ የመምህሩ ድምፅ ከክፍሉ ጫጫታ በ15 ዴሲቤል ገደማ ቢበልጥ ይመረጣል። በአንድ ሜትር ርቀት ረጋ ያለ ጭውውት 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ክፍሉ ራሱ 65 ከደረሰ መምህሩ 80 ሊያወጣ ነው ማለት ነው፤ ያ ንግግር ሳይሆን ጩኸት ነው፣ ቀኑን ሙሉም የሚቻል አይደለም። የሚያዋጣው መንገድ የክፍሉን ጫጫታ ማውረድ ነው።

ጠረጴዛ በዱላ መደብደብ ለጊዜው ዝም ያሰኛል። ነገር ግን ያው ድምፅ ላይ ድምፅ መጨመር ነው፤ ሁለተኛ ቀን ላይ ኃይሉ ያልቃል። በአካል መቅጣት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የተከለከለ ነው። ግጭት ባለፈባቸው ቀበሌዎች ትምህርት አቋርጠው የተመለሱ ልጆች ድንገተኛ ኳኳታ ሲሰሙ የሚደነግጡ፣ የሚያለቅሱ ወይም ፈዝዘው የሚቀሩ አሉ። ለእነዚህ ልጆች ጸጥ ያለ ክፍል ለመማር የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ነው።

ታዲያ ሳይጮኹ ዝም ማሰኘት ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ምልክቱን ልክ እንደ ፊደል ማስተማር ያስፈልጋል። አንድ ምልክት ይመረጣል። ለምሳሌ መምህሩ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባል፣ ልጆቹ ሁለት ጊዜ አጨብጭበው እጃቸውን ዴስኩ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ዓይናቸውን ወደ መምህሩ ያደርጋሉ። ወይም መምህሩ እጁን ያነሳል፣ ያየ ልጅ ሁሉ እጁን አንስቶ ዝም ይላል። በትልቅ ክፍል ጭብጨባው ይሻላል፤ ያልተመለከተ ልጅም ይሰማዋልና። ለአንደኛና ሁለተኛ ክፍል በቤታቸው የሚያውቁት ጥሪ አለ፦ “እንቆቅልሽ!” ሲባል “ምን አውቅልሽ!” ብለው በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፣ ከዚያ እንቆቅልሹን ለመስማት ጸጥ ይላሉ። ይህን ለቡድን ሥራ ማብቂያ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ቀድሞውኑ እያወሩ ስለነበር መልሳቸው ጫጫታውን ሰብስቦ ይዘጋዋል። ጸጥ ብለው በሚጽፉበት ሰዓት ከተጠቀሙበት ግን ራሱ ረብሻ ይሆናል። እንቆቅልሽ ከተባለ ደግሞ እውነተኛ እንቆቅልሽ መከተል አለበት፤ ልጅ ሁለት ጊዜ ከተታለለ ሦስተኛ አይመልስም።

አለማመዱ ይኼ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ አምስት ደቂቃ ለዚህ ብቻ ይሰጣል። ልጆቹ ሆን ተብሎ እንዲያወሩ ይደረጋል፣ ምልክቱ ይሰጣል፣ ዝም እስኪሉ ይጠበቃል። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። መምህሩ በልቡ እየቆጠረ ቁጥሩን ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጽፈዋል፤ በማግስቱ ከዚያ ለማነስ ይሞከራል። ልጆች ራሳቸው እርስ በርሳቸው “እሽሽ” መባባል የሚጀምሩት ቁጥሩን ሲያዩ ነው።

ምልክቱ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከልጆቹ አብዛኞቹ ዝም ሲሉ የቀሩት ሳይጨርሱ መናገር መጀመር። ያን ጊዜ የቀሩት ልጆች ዝም ማለት ግዴታ እንዳልሆነ ይማራሉ፤ በሳምንቱ ቁጥራቸው እጥፍ ይሆናል። የመጨረሻው ልጅ እስኪያበቃ መጠበቅ ረጅም ይመስላል እንጂ ከአሥር ሰከንድ እምብዛም አያልፍም። ሁለተኛው፣ ሰኞ ጭብጨባ፣ ማክሰኞ ደወል፣ ረቡዕ “ዝም በሉ!” እያሉ መቀያየር ነው። ሦስተኛው፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ አሥር ጊዜ መጠቀም። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ችግሩ ሥራው ነው፦ ወይ ከብዷቸዋል፣ ወይ ጨርሰው ሥራ ፈትተዋል።

ዝም ካሉ በኋላ የሚነገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከተለመደው ዝቅ ባለ ድምፅ ቢሆን ልጆቹ ለመስማት ይበልጥ ጸጥ ይላሉ። ብዙ መምህር ይህችን ደረጃ ይዘላታል፤ ጸጥታውን አግኝቶ በጩኸት ይሰብረዋል።

የትኛው ንግግር ሊቀር ይችላል?

መምህር በቀን ከሚናገረው ውስጥ ትምህርት ያልሆነው ብዙ ነው። መጀመሪያ ስም ጥሪ። 65 ስም፣ ለእያንዳንዱ አራት ሰከንድ፣ ከአራት ደቂቃ በላይ ይሆናል፤ ያውም ልጆች ገና እየገቡ ባሉበት፣ ጫጫታው በበዛበት ሰዓት። በምትኩ ልጆቹን በቋሚ ቦታ አምስት አምስት አድርጎ ማስቀመጥና ለእያንዳንዱ ቡድን ተጠሪ መስጠት ይበጃል። 13 ተጠሪዎች የቀረ ልጅ ካለ ብቻ ስሙን ይናገራሉ። ተጠሪው ጎበዙ ልጅ ብቻ እንዳይሆን በየሁለት ሳምንቱ ይቀያየራል። ለምሳሌ ዓርብ ዓርብ መምህሩ ራሱ ቆጥሮ ያረጋግጣል፤ ጓደኛን ለመሸፈን “አለ” የሚል ልጅ አይጠፋምና።

ደብተር ማደልም እንዲሁ ነው። የታረመ ደብተር ስም እየጠሩ መስጠት አንድ ሩብ ክፍለ ጊዜ ሊበላ ይችላል። ደብተሩ ሲሰበሰብ በቡድን ተደራርቦ ከመጣና በጨርቅ ቁራጭ ወይም በሲባጎ እንደታሰረ ከታረመ፣ ሲመለስ ለተጠሪው ማቀበል ብቻ ነው፤ አንድም ስም አይጠራም።

ትእዛዝ ሲሰጥ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። መጽሐፍ ወይም ጠጠር ለመቁጠሪያ ከታደለ በኋላ የሚነገር ትእዛዝ አይሰማም፤ የልጆቹ እጅና ዓይን ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መናገር፣ ቀጥሎ ማደል። ከሦስት የማይበልጡ ነገሮች፣ በአጭሩ፦ “ገጽ 24 ግለጡ። ሥዕሉን ቁጠሩ። ቁጥሩን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።” ከዚያ መምህሩ ራሱ አይደግመውም፤ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እንዲደግመው ይጠየቃል። ልጁ ከደገመው ክፍሉ ሰምቷል፤ ካልደገመው ትእዛዙ ግልጽ አልነበረም። የጆሮ፣ የአፍና የእርሳስ ሥዕል በካርቶን ላይ አዘጋጅቶ ሰሌዳው አጠገብ መስቀልም ይረዳል፤ ጆሮው ላይ ሲጠቆም ማዳመጥ፣ እርሳሱ ላይ ሲጠቆም መጻፍ። የሸቀጥ ካርቶን በየሱቁ አለ፤ ወጪ የለውም።

ከሁሉ በላይ ድምፅ የሚጎዳው ግን ፊደል ሲቆጠርና የማባዛት ሰንጠረዥ ሲደገም ነው። መምህሯ “ሀ!” ትላለች፣ ስልሳ አምስት ልጅ “ሀ!” ይላል፤ “ሁ!” ከማለቷ በፊት የልጆቹ ድምፅ ስላልቆመ ከእርሱ በላይ ትጮኻለች፤ እንዲያ እያለች ሰባቱን ትጨርሳለች፣ ወደ “ለ” ትሄዳለች። ልጆቹም አብረው ሲጮኹ አፋቸው ይከተላል እንጂ ዓይናቸው ፊደሉ ላይ መሆኑ አይታወቅም። በዚህ ፈንታ መምህሯ አንዱን ረድፍ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጆቹ ዝም ባሉበት፣ በመደበኛ ድምፅ ታነብባለች። ቀጥላ በመጠቆሚያ እንጨት ብቻ ትጠቁማለች፤ የሚናገሩት ልጆቹ ናቸው፣ እርሷ አፏን አትከፍትም። ሦስተኛ ዙር ላይ ቅደም ተከተሉን አዘበራርቃ ትጠቁማለች፤ በቃል የያዘና ፊደሉን የለየ ልጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አራተኛ ልጆቹ ለሁለት ለሁለት ሆነው አንዱ ይጠቁማል፣ ሌላው ይናገራል። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም ልጅ በራሳቸው ድምፅ አያስቆጥሩም፤ ፊደል የለየው ልጅ ያልለየውን ያስቆጥራል። አሠራሩ ከእኛው ዘንድ ያለ ነው።

የት መቆም ይሻላል?

ድምፅ በርቀት ይደክማል። ሰሌዳው ሥር የቆመ መምህር ለመጨረሻው ዴስክ ለመሰማት ለመጀመሪያው ዴስክ ከሚበቃው በላይ መጮኽ አለበት። ክፍሉ ስምንት ሜትር ርዝመት ካለው ወደ መሐል ሦስት አራት ሜትር ገብቶ መናገር ርቀቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። ለዚህ በዴስኮቹ መካከል አንድ ሰው በልኩ የሚያልፍበት መተላለፊያ መኖር አለበት። ክፍሉ ጠብቦ የማይቻል ከሆነ አንድ ዴስክ አውጥቶ ልጆቹን ማጠጋጋት እንኳ ያዋጣል። ወደ ሰሌዳ ዞሮ እየጻፉ መናገር ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ድምፁ ሰሌዳውን ይመታል፣ ጠመኔው አፍ ውስጥ ይገባል። ጽፎ መዞር፣ ዞሮ መናገር።

ሜዳ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ከሁሉ ይከፋል። ፊሽካና የእጅ ምልክት ብቻ። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ማይክራፎን ከሌለ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መቆም ይጠቅማል፤ በመንዝ አምባ ላይ ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ መናገር ጉልበት መጨረስ ነው።

ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበውስ?

ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኃይለኛ ዝናብ ወይም በረዶ ሲወርድ ማንም መምህር አይሰማም። መታገል የለበትም። በበልግና በሰኔ ለዚህ የሚሆን የዝምታ ሥራ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፦ በትልቅ ወረቀት ላይ የተጻፉ አምስት ጥያቄዎች፣ አንድ የሚገለበጥ አንቀጽ፣ አንድ ሥዕል። ዝናቡ ሲጀምር ወረቀቱ ይሰቀላል፣ መምህሩ እየዞረ ደብተር ያያል። ዝናቡ ሲያባራ ትምህርቱ ካቆመበት ይቀጥላል።

ብርዱ፣ ጠመኔውና ጾሙ ምን ያደርጋሉ?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2800 ሜትር በላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ከ3000 ታልፋለች። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ውርጭ ይጥላል። ቀዝቃዛ አየር እርጥበት መያዝ ስለማይችል ጉሮሮን ያደርቃል፤ የደረቁ አውታሮች ደግሞ ሲጋጩ ቶሎ ይቆጣሉ። በአፍንጫ መተንፈስ አየሩን ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፤ በውርጭ መንገድ እያወሩ መሄድ ግን ጉሮሮውን ትምህርት ሳይጀመር ያደክመዋል። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ደግሞ የሚያደርቀው ሙቀቱና ላቡ ነው። መፍትሔው ግን ያው ውኃ ነው።

መጠኑ በቀን አንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር፣ በቆላ ከዚያም በላይ። አንዴ ተጠጥቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ውኃው አውታሮቹን በቀጥታ አይነካም፣ በሰውነት ዞሮ ነው የሚያረጥባቸው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በየአሥር ደቂቃው አንድ ጉንጭ መጎንጨት ይበቃል። መጸዳጃ ቤት ሩቅ ወይም የማይመች ስለሆነ ውኃ የማይጠጡ መምህራት ብዙ ናቸው። ይህ የግል ጉዳይ መስሎ እንዳይታለፍ፤ ለርዕሰ መምህሩ በግልጽ መቅረብ ያለበት የሥራ ችግር ነው።

በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን እህል ውኃ ሳይቀምሱ የሚያስተምሩ መምህራን ጾሙን ሳይነኩ ሸክሙን ማቅለል ይችላሉ። ሲፈታ ጀምሮ እስከ መኝታ ውኃውን ከፋፍሎ መጠጣት፣ ብዙ ንግግር የሚጠይቀውን ትምህርት ጉሮሮ ሳይደርቅ ወደ ጠዋቱ ማምጣት፣ የረፋዱን ለጽሑፍና ለጥንድ ሥራ መተው።

ጠመኔን በተመለከተ፣ ሰሌዳ በደረቅ ዳስተር ሲጠፋ ብናኙ መምህሩ ፊት ላይ ይበናል። በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ፣ ከላይ ወደ ታች። ጨርቁ ካልተጨመቀ ሰሌዳው ይረጥብና ጠመኔ አይዝም፤ ስለዚህ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ማጥፋት ነው የሚሻለው፣ እስከ ቀጣዩ ይደርቃል። ዳስተር በመስኮት በኩል የሚያራግፉ ልጆች ነፋሱ ወደ ውስጥ እንደማይነፍስ ማየት አለባቸው።

ጉሮሮን “እህህ” እያሉ መጥረግ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳት ነው። አውታሮቹን በኃይል ያጋጫል፣ እነርሱም ለመከላከል አክታ ይጨምራሉ፣ እንደገና ይጠረጋል። ሲመጣ ምራቅ መዋጥ ወይም ውኃ መጎንጨት። በሳምንት ውስጥ ልማዱ ይቀንሳል።

ጠዋት ድምፅን ማሟሟቅ ያስፈልጋል ወይ?

ሦስት ደቂቃ ይበቃል፣ ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መንገድም ይሠራል። አንድ ደቂቃ አፍ ዘግቶ “ምምም” እያሉ ማንጎራጎር፣ ከንፈር ላይ ንዝረት እስኪሰማ፤ ጉሮሮ ላይ ከተሰማ ኃይል በዝቷል። አንድ ደቂቃ ከንፈርን እያርገበገቡ “ብርርር” ማለት፣ ከዝቅታ ወደ ከፍታና ወደ ታች። ሦስተኛው ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ውኃ አድርጎ ስትሮ ነክሮ በስትሮው “ኡኡኡ” እያሉ ማረፋጨት ነው። አረፋው ሳይቆራረጥ እኩል ከወጣ ትንፋሹ ልክ ነው። ማታም ከሥራ በኋላ ይኸው የስትሮ ልምምድ የደከመውን ድምፅ ያላላል።

ዝንጅብል፣ ማርና አሞክሳሲሊንስ?

የሚዋጥ ነገር በጉሮሮ ሲወርድ ማንቁርት ይዘጋል፤ ባይዘጋ እንታነቅ ነበር። ስለዚህ ዝንጅብሉም ማሩም አውታሮቹን አይነካቸውም። የጉሮሮን መከርከር ያስታግሳሉ፣ ሙቅ ፈሳሽ መሆናቸውም ጥሩ ነው፤ “ድምፅ ይከፍታሉ” ብሎ ጠጥቶ ክፍል ገብቶ መጮኽ ነው ጉዳቱ። አውታሮቹ ድረስ የሚገባው የሚተነፈስ ነገር ነው፦ ትኩስ ውኃ በሳሕን አድርጎ፣ ፊትን ሳያቃጥል ከራቀ ርቀት፣ እንፋሎቱን አምስት አሥር ደቂቃ መሳብ።

ከጉንፋን ጋር የሚመጣ የድምፅ መዘጋት መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ስለሆነ የባክቴሪያ መድኃኒት የሆነው አሞክሳሲሊን አያድነውም። የሚያድነው ዝምታ ነው። ሹክሹክታ ግን ዝምታ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሲያንሾካሹክ ማንቁርቱን ይጨምቃል። መናገር ካስፈለገ በዝቅተኛ ግን በእውነተኛ ድምፅ።

ጠዋት ጠዋት ብቻ ድምፅ የሚጎረንን፣ አፍ የሚመርርና ደረት የሚቃጠል ከሆነ ጥፋቱ የጨጓራ አሲድ ሊሆን ይችላል። ማታ በርበሬ የበዛበት ወጥ በልቶ ወዲያው መተኛት ያባብሰዋል። እራትን ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ማድረግና የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ ይረዳል።

ከትምህርት ቤት ውጭ ያለው ሰዓትስ?

ሳምንቱን የተናገረ ሰው ቅዳሜ ገበያ ተጨቃጭቆ፣ እሑድ መዝሙር መርቶ፣ ለቅሶ ቤት አልቅሶ ሰኞ ክፍል ከገባ አውታሮቹ አላረፉም። ማኅበራዊ ኑሮን ተው ማለት አይቻልም። ከሁለቱ ቀናት አንዱን ከፍ ያለ ድምፅ የሌለበት ማድረግ ግን ይቻላል። በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ደግሞ በመካከሉ ያለውን ጊዜ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ከማውጋት ይልቅ ቢያንስ 20 ደቂቃ ዝም ብሎ ቢያሳልፈው የከሰዓቱ ድምፅ ይተርፋል።

እንቅልፍ የሚበላው እርማት ነው። 65 ደብተር፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በየቀኑ ይህን ማድረግ አይዘለቅም። በቀን 13 ደብተር፣ ማለትም ከየቡድኑ አንድ፣ በጥንቃቄ ቢታረም በአምስት ቀን ሁሉም ይዳረሳል፤ የቀሩት ልጆች መልሱ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ደብተር ተለዋውጠው ይተራረማሉ። መምህሩም ከየቡድኑ ስላየ ክፍሉ የት ላይ እንደሳተ በዚያው ቀን ያውቃል።

ፕሮግራም ሲወጣ ርዕሰ መምህሩን መጠየቅ የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ ንግግር የሚበዛባቸው ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ተከታትለው እንዳይመጡ። ሥዕል ወይም የእጅ ሥራ በመካከል ቢገባ ተጨማሪ መምህርም ገንዘብም አይጠይቅም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለበት መቼ ነው?

ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ወይም ሻክሮ ከቆየ፣ ጉንፋኑ ለቆም ቢሆን፣ መታየት አለበት። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረጋል፤ በጤና ጣቢያ ይገኛል። ደም የቀላቀለ አክታ፣ ሲውጡ ሕመም፣ አንገት ላይ አዲስ እብጠት ወይም እያደገ የሚሄድ እንቅርት ካለ ሦስት ሳምንት አይጠበቅም። ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ በዚያው ሰዓት መሄድ ነው።

ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎ የአንገት በላይ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይኬዳል። ሐኪሙ በትንሽ መስታወት ወይም በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ አውታሮቹን ያያል፤ ደቂቃዎች የሚወስድ ምርመራ ነው። አራት ነገሮችን ጽፎ መሄድ ይጠቅማል፦ መቼ ጀመረ፣ ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ፣ በቀን ስንት ክፍለ ጊዜ ስንት ልጅ ይማራል፣ ቅዳሜና እሑድ ይሻለዋል ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል፤ በዕረፍት ቀን የሚሻል ድምፅ ከአጠቃቀም የተነሳ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የዕረፍት ወረቀት ከተሰጠ ቀኖቹን በእውነት ዝም ብሎ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በመጀመሪያው ቀን በየክፍለ ጊዜው ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ንግግር፣ የቀረው የጽሑፍና የጥንድ ሥራ፤ በየሁለት ቀኑ አምስት ደቂቃ እየተጨመረ። ማታ ላይ ድምፁ ከሻከረ በማግስቱ ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳል። ልጆቹም በግልጽ ቢነገራቸው ጥሩ ነው፦ “ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ዛሬ በእጄ ነው የማናግራችሁ።” የሁለተኛ ክፍል ልጅ እንኳ ይህን ይረዳል፤ ጭብጨባውን የለመደ ክፍል ከሆነ ደግሞ ያለ ቃል ክፍለ ጊዜውን ሙሉ መሥራት ይችላል።